በልጄ ፊርማ የጻፍኩት ማመልከቻ

መካነ ሰላም ውስጥ ከወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ውጭ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አሉኝ። ሥራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። ድንበር፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ የተወሰደ በሬ፣ የዘገየ ካሳ፤ ሰው ሆዱ ውስጥ ያለውን አቤቱታ እኔ ወረቀት ላይ አሰፍርለታለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው። የቀረውን ከሰው በተዋስኳቸው መጻሕፍት፣ ከሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብቻዬ ተማርኩት። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም። ለብቻው የተማረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ስህተቱን ፊት ለፊት የነገረው መምህር ስለሌለ የሚያውቀው ሁሉ ልክ ይመስለዋል። የኔ ጥፋት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የሥራዬን ሁለት ልማዶች አስቀድሜ ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እነሱ ያደረግሁት ነገር አይገባም።

አንደኛው የባዶ ወረቀት ልማድ ነው። ብዙዎቹ ባለጉዳዮቼ የሚመጡት ወደ ዓባይ በረሃ ከሚያዘቀዝቁት ቀበሌዎች ነው። በእግር ቀን ሙሉ ይፈጃል። ፋይሉ መልስ በፈለገ ቁጥር ሰውዬው ያን ሁሉ ዳገት እንዳይወጣ ብዬ ባዶ ወረቀት ግርጌ ላይ አስፈርሜ፣ ወይም ጣቱን ቀለም አስነክቼ አስቀምጣለሁ። ጉዳዩ ሲንቀሳቀስ ከፊርማው በላይ ያለውን እሞላዋለሁ። ሕግ አይፈቅደውም። እናውቃለን፤ እናደርገዋለን።

ሁለተኛው የማመልከቻ መዝጊያ ነው። መጨረሻው ላይ «ይህ ካልሆነ ግን» ብለን ባለጉዳዩ ጭራሽ የማይፈልገውን ነገር እንጠይቅለታለን። ካሳው የዘገየበት ገበሬ «ይህ ካልሆነ ግን የቀረኝን መሬት መንግሥት ይረከበኝ» ይላል። ማንም መሬቱን ሊያስረክብ አይፈልግም፤ ኃላፊውም ይህን ያውቃል። የምሬቱን ልክ ማሳያ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ማመልከቻ ያለዚህ መዝጊያ እኛ ዘንድ እንደ ለብ ያለ ውኃ ነው፤ ያነበበው ሁሉ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል።

ልጄ ያለችን አንድ ልጅ ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ አዲስ አበባ ውስጥ የካቶሊክ መነኮሳት የሚያስተዳድሩት አንድ ኮሌጅ በአካውንቲንግ ተቀበላት። አልተቃወምኩም። ሒሳብ ሒሳብ ነው፤ ማንም ያስተምረው ማን መልሱ አንድ ነው አልኳት ለእናቷ። ልትሄድ ስትል ሦስት ባዶ ወረቀት አቀረብኩላትና ግርጌው ላይ ፈረመችልኝ። ከትምህርት ቤቷ ወይም ከቀበሌ ማስረጃ ቢያስፈልጋት እንዳትመላለስ ነበር። ባለጉዳይ ሲፈርም እያየች ያደገች ልጅ ስለሆነች ለምን ብላ አልጠየቀችም። «አባባ፣ እኔም ባለጉዳይ ሆንኩልዎ» ብላ ሳቀች።

የመጀመሪያውን ሴሚስተር ጨርሳ ለእረፍት መጣች። የምትማረውን አሳዪኝ አልኳት፤ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። እንደ ልማዴ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። የፍልስፍና መግቢያ። ሎጂክ። ግብረ ገብ። የዓለም ታሪክ። ሥነ ጽሑፍ። ሥነ ሕይወት። የሥዕል ታሪክ። የቅዱሳት መጻሕፍት ጥናት። አካውንቲንግ የሚለው ቃል አንዴ ብቻ፣ ከታች ተጽፏል።

«ሒሳቡ የታለ?» አልኳት።

«ይመጣል አባባ። መጀመሪያ ኮመን ኮርስ ነው። ነርስ የምትሆነዋም፣ ኮምፒውተር የሚማረውም፣ ሁሉም ይወስደዋል። ያን ሳይጨርስ ማንም አያልፍም።»

«ለሒሳብ ያዥ የሥዕል ታሪክ ምን ይሠራለታል?»

«እኔም የመጀመሪያ ቀን ይህንኑ ጠየቅኩ። ሲስተር ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‹መጀመሪያ ሰው ሁኚ፣ ከዚያ ሒሳብ ያዥ ትሆኛለሽ›።»

«እዚህ ስትወለጂ ሰው አልነበርሽም?»

እናቷ ከጓዳ ሆና «ስትወለድማ ጩኸት ብቻ ነበረች» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ግን ጣቴን ከወረቀቱ ላይ አላነሳሁም።

«ይሄን የቅዱሳት መጻሕፍት የሚለውን ማን ነው የሚያስተምራችሁ?»

«አንድ አባ ናቸው።»

«የነሱ አባ?»

«የነሱ።»

«ምን ይላሉ?»

«ብዙም አይናገሩ። ይጠይቁናል።»

ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ ይህ መልስ ነው። የሚናገር መምህር ምን እንደተናገረ ይታወቃል፤ የሚጠይቅ መምህር ልጄን ወዴት እንደሚወስዳት በምን አውቃለሁ?

ከሦስት ቀን በኋላ ምሳዬን ይዛልኝ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ከቆላ የመጣ አንድ ገበሬ የድንበር ክስ እያጻፈኝ ነበር። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ «ተከሳሽ ከዚህ በፊት በሬዬን በድንጋይ መትቶ ስለገደለ፣ ድንበሬንም የገፋው እሱ መሆኑ የተረጋገጠ ነው» ይላል። ልጄ ሰሐኑን እያስቀመጠች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አይከተልም» አለች።

«ምኑ ነው የማይከተለው?»

«በሬ መግደሉ ድንበር መግፋቱን አያሳይም፣ አባባ። ክፉ ሰው መሆኑን ነው የሚያሳየው። ዳኛው ‹ታዲያ ድንበሩስ?› ካለ መልስ የለውም።»

ገበሬው አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰ። «አያ ጸሐፊ፣ እስከ ዛሬ ዳኛ ከቤትህ ደብቀህ ኖረሃል! ወላሂ፣ ከእንግዲህ የኔን ጉዳይ የምትጽፍልኝ እሷ ናት!» አግዳሚው ላይ የተቀመጡትም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ምሳውን ግን አልበላሁትም። እሷ ከሄደች በኋላ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤ የሁለት ጎረቤት ምስክርነት ጨመርኩበት። ልክ ነበረች። ልክ መሆኗን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለሷም ጭምር።

ይህን የማነሳው ሰው ለራሱ የሚነግረው ምክንያትና እውነተኛው ምክንያት የተለያዩ መሆናቸውን ለማሳየት ነው። ልጄ ወደ ኮሌጇ ከተመለሰች በኋላ የንስሐ አባታችን «ልጅቱ ታስቀድሳለች?» ብለው እንደ ዋዛ ጠየቁኝ። ቤት ስደርስ ለእናቷ «ቄሱም ፈርተውላታል» አልኳት። ቄሱ አልፈሩም፤ ደህና መሆኗን ነው የጠየቁት። እኔ ግን በሃይማኖት ስም የሚቆምልኝ ምክንያት አገኘሁ። ከሥሩ ያለው ሌላ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ በጭላንጭል የለቀምኩትን ነገር እሷ በአንድ ሴሚስተር፣ ከወንበር ላይ ተቀምጣ፣ መምህር ፊቷ ቆሞላት ተቀበለችው። ቀናሁ። አባት በልጁ አይቀናም የሚል ሰው ካለ ልጁ ገና አላረመችውም ማለት ነው።

ከሦስቱ ወረቀቶች አንዱን አወጣሁ። ከፊርማዋ በላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ኮመን ኮርስ ተብለው የሚሰጡት ትምህርቶች ከሃይማኖቴ ጋር የማይስማሙ፣ ከምማረውም ሙያ ጋር የማይገናኙ በመሆናቸው ከነዚህ ትምህርቶች ነጻ እንድደረግ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ ካልሆነ ግን ምዝገባዬ ተሰርዞ ማስረጃዬ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።» የመጨረሻውን መስመር ብዕሬን ሳላነሳ ጻፍኩት። ሺህ ጊዜ የጻፍኩት መዝጊያ ነው።

ጎረቤቴ ሸህ ናቸው፤ ቤታቸው ሃይማኖት የሚማር ደረሳ አይጠፋም። ወረቀቱን እያጠፍኩ ሳለ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። እኩያሞች ብንሆንም አንቱ ነው የምንባባለው። ልጄ ሎጂክ የሚባል ነገር እየተማረች እንደሆነ፣ ከዚያም ላስወጣት እንዳሰብኩ ነገርኳቸው።

«ሎጂክ ምንድን ነው?»

«ከአንድ ነገር ሌላ ነገር እንዴት እንደሚከተል የሚያስተምር ነው።»

«መንጢቅ በሉኛ!» ጉልበቴን መቱኝ። «እኛ ዘንድ ደረሳው ነሕውን፣ የዐረብኛውን ሰዋስው፣ ካልጨረሰ፣ መንጢቅን ካልቀመሰ፣ ትልልቁን ኪታብ አናስከፍተውም። ያለዚያ ያነበበውን ሁሉ ይዞ ገደል ይገባላ! እሱን ነው ተዪ የሚሏት?»

«የናንተን ሰው የሚያስተምረው የናንተው ሰው ነው። የኔን ልጅ የሚያስተምሯት ካቶሊኮች ናቸው።»

ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ ቀስረው «ልጅቱ ታውቃለች?» አሉ።

«ታውቃለች።»

አዩኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። ሁለት ጊዜ ቢጠይቁኝ እውነቱን እናገር ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ግን ይህም ጥፋቴን በሳቸው ላይ ማላከክ ነው።

የዚያን ሳምንት ከተማው ደስ አይልም ነበር። የገበያው ሰው ገና ጀምበር ሳታዘቀዝቅ ዕቃውን ይሰበስባል። ሱቆች ግማሽ በራቸውን ከፍተው ይሸጣሉ። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ሦስተኛው ከመጣ ወሬው ስለ ዝናብ ይሆናል። ደብዳቤውን በደጎሎ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ የእህል አይሱዙ ሾፌር ሰጠሁት። በኮሌጁ በር ለሬጅስትራር ስጥልኝ አልኩት።

«እሰጣለሁ አባባ። ሌላም የሚላክ ካለዎት ዛሬ ይስጡኝ» አለኝ። «ከዚህ በኋላ የምመለስ አይመስለኝም።»

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስልክ ጠፋ። መጀመሪያ የኔ ስልክ የተበላሸ መስሎኝ ባትሪውን አውጥቼ አገባሁ። ከቤት ወጥቼ ሳይ ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ሰማይ ይዞ ቆሟል።

ስላደረግሁት ነገር ያን ጊዜም ገና አልፈራሁም። ኮሌጁ ጥያቄውን ይቀበላል ወይም አይቀበልም፤ ካልተቀበለ እንደ በፊቱ ትቀጥላለች ብዬ ነበር። የፈራሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ከሌላ አካባቢ ተዛውሮ የመጣ አንድ አዲስ ኃላፊ ነበር። ለአንድ የጤና ጣቢያ ዘበኛ የዝውውር ማመልከቻ ጽፌለት፣ በልማዱ «ይህ ካልሆነ ግን ከሥራ ተሰናብቼ መሸኛ ይሰጠኝ» ብዬ ዘግቼው ነበር። ዘበኛው ወረቀት እያውለበለበ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ።

«አያ ጸሐፊ፣ አሰናበትከኝ እኮ!»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሰውዬው አንብቦ ‹ዝውውር የለም፤ ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ተፈቅዷል› አለኝ። መሸኛዬን ይኸው ማኅተም አድርጎ ሰጠኝ! ስድስት ልጅ አለኝ፣ ማንን ልሸኝበት ነው?»

አካባቢው በሳቅ ተናጋ። እሱ ራሱ እንባውን እየጠረገ ይስቅ ነበር። ነገሩ በዚያው ቀን ተስተካከለ፤ አንድ የቆየ ሠራተኛ ለአዲሱ ኃላፊ የአገሩን አጻጻፍ አስረዳውና መሸኛው ተቀደደ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አዲስ አበባ ያሉት መነኮሳት የተጻፈውን ነው የሚያነቡት። እዚያ አጠገባቸው ቆሞ «ይህ የአገሩ አጻጻፍ ነው» የሚላቸው ማን አለ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልደውል የማልችለውን ስልክ ይዤ ዋልኩ። ወደ አጅባር የሚሄድ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ከዚያ ወደ ደሴ ዘልቀህ ደውልልኝ እያልኩ ቁጥሯን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁ። የሄዱት አልተመለሱም፤ የተመለሱት አልደረሱም። ራቅ ካለ ቦታ የሚሰማው ድምፅ አንዳንድ ቀን ነጎድጓድ ይመስላል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ብሎ ነው። እናቷ ስለ ልጅቱ ስትጨነቅ የምትጨነቀው እንደማንኛውም እናት ነበር። እኔ የማውቀውን አታውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልነገርኳትም።

ከአንድ ወር በኋላ አንድ ነጋዴ በእግርም በመኪናም ብሎ ከአዲስ አበባ ገባ፤ ፖስታም ይዞልኝ መጣ። የኮሌጁ ማኅተም አለበት። ለልጄ የተጻፈ ደብዳቤ ነው፤ ግልባጩ ለወላጅ። እናቷ «አንብበው፣ አንብበው» ትላለች። ቆሜ ነው ያነበብኩላት።

ቃሉ ጨዋ ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ኮመን ኮርሶቹ በኮሌጁ ዘንድ የትምህርቱ ተጨማሪ ሳይሆኑ መሠረቱ በመሆናቸው ማንንም ተማሪ ከነሱ ነጻ ማድረግ እንደማይቻል፣ ውሳኔዋን እንድታስብበት ሦስት ቀን እንደተሰጣት፣ ፊርማው የራሷ መሆኑን እንዳረጋገጠች፣ ስለዚህም በሁለተኛ አማራጭ ባቀረበችው ጥያቄ መሠረት ምዝገባዋ መሰረዙን ይገልጻል። መጨረሻው ላይ «እናዝናለን» ይላል።

እናቷ «የምን ጥያቄ? ማን ነው የጠየቀው?» አለች።

ነገርኳት። አልጮኸችም። አጎንብሳ የነበረችበትን ሥራ ትታ ቀና አለችና «አሁን ልጄ የት ናት?» አለች። ደብዳቤውን አገላበጥኩት። «ከዶርም ወጥታለች ማለት ነው። የት ናት?» እንደገና ጠየቀችኝ። ከዚያ ነጠላዬን አምጥታ ሰጠችኝ። ሂድ አላለችም።

መንገዱን በዝርዝር አልጽፈውም። እስከ ደጎሎ ድረስ የተወሰነውን በእግር፣ የተወሰነውን በእህል ጭነት ላይ ሄድኩ። በየኬላው «ለምን ትሄዳለህ?» እባላለሁ፤ «ልጄን ልጠይቅ» እላለሁ። አንዱ ወጣት መታወቂያዬን እያገላበጠ «ምን ሆነችብህ?» አለኝ። «ምንም አልሆነች፤ እኔ ነኝ የሆንኩት» አልኩት። ሳቀና አሳለፈኝ።

ኮሌጁ ስደርስ የትምህርት ዲኗ ሲስተር አስገብተው አስቀመጡኝ። ሐበሻ ናቸው፤ በዕድሜ ከኔ ያንሳሉ። ማመልከቻውን ከፋይሉ አውጥተው ፊቴ ዘረጉት። የገዛ እጄን ጽሑፍ በሰው ጠረጴዛ ላይ ሳየው ተጠየፍኩት።

«ፊርማው የልጄ ነው» አልኳቸው። «ቃሉ የኔ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ነው ያስፈረምኳት።»

ማመልከቻውን ወደሳቸው አዙረው እንደገና አዩት። «ፊርማው ያንቺ ነው ወይ? ብዬ ጠይቄአታለሁ፤ አዎ አለች» አሉኝ። «ሐሳቡስ ያንቺ ነው? ስላት ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ አዎ ቆጠርኩት። እኔም ተሳስቻለሁ፣ አባት። ግን አሁን ከእርስዎ ሌላ ወረቀት አልቀበልም። ኮሚቴው ፊት ቀርባ ራሷ ትናገር።»

ልጄን ያገኘኋት አንዲት የክፍል ጓደኛዋ ቤት ነው፤ የጓደኛዋ እናት አስጠግተዋታል። በሩን ስትከፍትልኝ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመችኝ፤ ውኃ አቀረበችልኝ። ሁሉንም እንደ ወጉ አደረገች። ከዚያ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

«ከመጀመሪያው መስመር ነው ያወቅሁት» አለች። «‹ይህ ካልሆነ ግን› የሚለው ላይ ስደርስማ ድምፅዎን ሰማሁት።»

«ታዲያ ለምን የኔ አይደለም አላልሽም?»

«‹ፊርማው የኔ ነው፣ ቃሉ ግን የኔ አይደለም› ብል ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ‹የማን ነው?› ብለው ነው። ከዚያስ? አባቴ በልጁ ፊርማ የሚጽፍ ሰው ነው ልበል? ሦስት ቀን ሰጡኝ። ሦስቱንም ቀን ስደውልልዎ ነበር፤ እርስዎ ራስዎ ተናገሪ ቢሉኝ ብዬ። ጥሪ አይቀበልም ይላል።»

«አሁን ተናገሪ። አባቴ አታለለኝ በይ።»

«እኔ አልልም።» ዓይኗን ከኔ ላይ አላነሳችም። «እርስዎ ይበሉት። እኔ ባለሁበት።»

በማግሥቱ ሦስት ሰዎች ፊት ቀረብን፤ ሲስተሯ፣ የሬጅስትራሩ ሰውና ፍልስፍና የሚያስተምሩ አንድ አዛውንት። ዕድሜዬን ሙሉ ለሌላ ሰው ቃል ሳቀናብር የኖርኩ ሰው፣ የራሴን ነገር ለመናገር አፌ ተሳሰረ። ወረቀት ቢሰጡኝ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ልብ የሚነካ አድርጌ እጽፈው ነበር። «አታልያታለሁ» አልኩ። ከዚያ ሌላ ቃል ፈለግሁ፤ አጣሁ። ደግሜ «አታልያታለሁ» አልኩ። ልጄ አጠገቤ ቆማ መሬት መሬት ታያለች።

አዛውንቱ መምህር ዝርዝሩን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ከነዚህ ትምህርቶች የትኛውን ነው የጠሉት?» አሉኝ።

አየሁት። የቅዱሳት መጻሕፍቱን ልል አስቤ ነበር፤ የተዘጋጀ መልስ ነበረኝ። «አንዱንም አልጠላሁም» አልኩ። «እኔ የምፈልጋቸው ናቸው።»

ልጄ ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። ምን ዓይነት አስተያየት እንደነበረ እስከ ዛሬ ልፈታው አልቻልኩም፤ ይቅርታ ነው ብዬ ለራሴ መንገር አልፈልግም።

የወሰኑት ይህንን ነው፤ ያመለጠው ዓመት አይመለስም። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ በሚከፈተው የምዝገባ ሳምንት ራሷ በአካል ከቀረበች ትገባለች፤ ኮመን ኮርሱንም ከሀ ትጀምራለች። ሳምንቱ ካለፋት ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ስምምነቱን እንድትፈርም ወረቀት ሰጧት። ፈረመች። አይቼው የማላውቀው ፊርማ ነው። ቀይራዋለች።

ሬጅስትራሩ «ይህ ከፋይሉ ጋር ይለያል» ሲላት «ከእንግዲህ ይሄ ነው» አለችው።

አዲስ አበባ ቆይታ ሥራ እንድትፈልግና ምዝገባውን እዚያው ሆና እንድትጠብቅ ለመንኳት። እሷ ግን እናቷን ካላየሁ አለች። ክርክሬን ሁሉ ሰማችና «መንገዱ እርስዎን ካሳለፈ እኔን ምን ያደርገኛል?» አለች። ለዚህ መልስ ነበረኝ፤ ወንድ ሽማግሌን የሚያሳልፍ ኬላ ወጣት ሴትን አያሳልፍም ማለት ነበረብኝ። በነገሯ ላይ እንደገና የምወስን መስሎ ስለተሰማኝ ዝም አልኩ። አብረን ተመለስን። በሰላም ገባን። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

ከተመለስን በኋላ ባዶ ወረቀቶቹን ለየባለቤቶቻቸው መለስኩ። ገሚሱ ተቆጣኝ፤ «አሁን በየሳምንቱ ልመላለስ ነው?» አለኝ። ሁለቱ ትተውኝ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄዱ። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ስላመኗችሁ የሰጧችሁን ነገር አትጠቀሙበት። ለነሱ ጥቅም ነው ብላችሁ ስታስቡ በተለይ ያን ጊዜ አትጠቀሙበት። ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም።

ልጄ ክረምቱን እቤት ከረመች። እናቷን ታግዛለች፤ ከጎረቤታችን ከሸሁ ጋር ስለ መንጢቅ ትከራከራለች። ሸሁ «ይህችን ልጅ ወንድ አድርጎ ቢፈጥርልኝ ደረሳ አደርጋት ነበር» ይሉ ነበር፤ እሷም «እንዲሁ እንዳለሁ አያስተምሩኝም?» ትላቸዋለች። እኔን በአክብሮት ታናግረኛለች። ወደ ጠረጴዛዬ ግን መጥታ አታውቅም።

የምዝገባው ሳምንት ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው በደጎሎ በኩል ያለው መንገድ ተዘጋ። በመካከል ተመልሶ የነበረው ስልክም እንደገና ጠፋ። በአምስተኛው ቀን አንድ ሾፌር በአጅባር አድርጌ ወደ ደሴ ለመግባት እሞክራለሁ አለ። አብሬሽ ልሂድ አልኳት።

«እናቴ ብቻዋን ትቀራለች» አለች። «ደግሞ በአካል መቅረብ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

እናቷ ስንቅ ቋጠረችላት። ሸሁ ዱዓ አደረጉላት፣ «አብሽሪ» አሏት። እኔ ቦርሳዋን ወደ ጋቢና አቀበልኳት። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ለእናቷ እጇን አውለበለበች፤ ከዚያ ወደፊት ዞረች።

ይህን ስጽፍ የምዝገባው ሳምንት ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ሾፌሩ አልተመለሰም። ከአጅባር ትናንት የገባ አንድ የከብት ነጋዴ መኪናውን መንገድ ዳር ቆሞ አየሁት ይላል፤ ሰው ነበረበት ወይ ስለው ከሩቅ ነው ያየሁት ይላል። ለእናቷ መቆሙን ብቻ ነገርኳት፤ ከዚያ ቀሪውንም ነገርኳት። ነገ ማለዳ በእግር እወጣለሁ።